ከፒያሳ ወደ ቦሌ አራብሳ የተጫነ አልበም፦ የድሮ ፎቶ ሲለጠፍ ምን ይተርፋል፣ ምን ይጠፋል?

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስን ከነካ ወዲህ ቴሌግራምና ፌስቡክ በድሮ ፎቶ ተጥለቅልቀዋል። የሠርግ መኪና የከበቡ ሚዜዎች፣ ቀለም በተቀባ መጋረጃ ፊት ልጇን ታቅፋ የቆመች እናት፣ ግማሹ ተንበርክኮ ግማሹ ቆሞ የተነሣ የኳስ ቡድን፣ ድንኳን ሥር የተሰበሰቡ የዕድር አባላት። ከሚለጥፉት መካከል ከመሀል ከተማ ተነሥተው ቦሌ አራብሳ፣ ገላን ጉራና ቱሉ ዲምቱ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች አሉበት። ከፎቶዎቹ ሥር የሚነበበው አስተያየት በሁለት ይከፈላል። አንዱ «ተመስገን፣ ታሪክ ተረፈ» ይላል። ሌላው «የሰው ገመና ለምን አደባባይ ይወጣል?» ብሎ ይቆጣል።

ሁለቱም ወገኖች ሳያስቡት የተስማሙበት ነገር አለ፤ የተለጠፈ ፎቶ አይጠፋም የሚል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መለጠፍና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፎቶ ሲለጠፍ ብዙ ሰው ያየዋል፤ በዚያው መጠን ግን የምስሉ ጥራት፣ የሰዎቹ ስም፣ የተነሣበት ቀንና ቦታ፣ የባለቤቱ ማንነት እየተራገፈ ይሄዳል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ እንዴትስ መከላከል እንደሚቻል ማየት ይገባል።

አልበሙ ከምስክሮቹ ሲለይ

የቤት ፎቶ ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ ወረቀቱ ነው። ሌላው «ይቺ የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ነው» ብሎ የሚያስረዳው ሰው ነው። በድሮው ሰፈር ሁለቱ ግማሾች በአንድ ግቢ ነበሩ። አልበም ሲገለጥ ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ራሳቸው ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የረሳውን ስም ሌላው ያስታውሰዋል።

የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ሲደርስ ወይም ምትክ ቤት ሲሰጥ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ አይሄድም። አንዱ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ ይገባል። አዛውንቶቹ አራተኛ ፎቅ ከወጡ በኋላ ለለቅሶ ካልሆነ መውረድ ይከብዳቸዋል። አልበሙ እቤት አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን ሌላኛው የከተማው ጫፍ ላይ ነው። ወረቀት ከ50 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሰባ አምስት ዓመት እናት ትዝታ ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ስሙን መመዝገብ ነው። የፎቶውን ቅጂ በስልክ ወይም በስካነር ማንሣቱ በሚቀጥለው ወር ሊደርስ ይችላል።

የከተማው ዳር ሁሉ በቅርቡ የተሠራ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። አቃቂ የባቡር መቆሚያና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት፣ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የባቡር ጣቢያና የትምህርት ቤት ፎቶዎች በየቤቱ አሉ። በአንጻሩ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች የቆሙበት መሬት የእርሻ ማሳ ሳለ ካሜራ ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ጥቂት ነበር። ከአርሶ አደር ቤተሰቦች እጅ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ለመታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ነው። ከአንድ ጉርድ ፎቶ በስተኋላ የሚታይ የጎጆ ግድግዳ ወይም የማሳ ጠርዝ ካለ፣ ያ ቦታ ከመቀየሩ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ብቸኛው ምስል ሊሆን ይችላል። መሀል ከተማው ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነሥቷል። የከተማው ዳር ግን ብዙም አልተነሣም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የዳር ፎቶ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ሠላሳ ሰው በአንድ ፎቶ

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንውሰድ። ሠላሳ የፋብሪካ ሠራተኞች በሦስት ረድፍ ቆመዋል። በአንድ ረድፍ አሥር ሰው ካለ ለአንድ ሰው ከ1.2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ስፋት ይደርሰዋል፤ ፊቱ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአንድ አባት መልክ በዚያች 4 ሚሊ ሜትር ውስጥ አለ።

ኮምፒውተር ምስልን የሚያስቀምጠው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ነው። ስካነር ላይ የሚታየው «ዲፒአይ» የሚለው ቃል በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚነበብ ይናገራል። ይህ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ሲነበብ በርዝመቱ 3,070 ገደማ ነጥብ ይይዛል፤ የዚያ ሰው ፊት 94 ነጥብ ስፋት ያገኛል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጢም፣ የፈገግታ መስመር ሁሉ ይለያል። የስልክ ካሜራም ቢሆን ባለ 12 ሜጋፒክስል ከሆነና ፎቶው ማያውን ሞልቶ ከተነሣ ለፊቱ ከ100 ነጥብ በላይ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ስካነር ስለሌለን አልቻልንም» የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም።

ጉዳቱ የሚመጣው ሲላክ ነው። ቴሌግራም ላይ ምስል በተለመደው መንገድ፣ ማለትም «ፎቶ» ተብሎ ሲላክ መተግበሪያው መረጃ ለመቆጠብ ይጨምቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መጠን በረጅሙ ጎን 1,280 ነጥብ ነው። በዚህ መጠን ያ ፊት ወደ 39 ነጥብ ይወርዳል። ሰውየው ይታወቃል፣ ግን ዓይኑ ጭላንጭል ሆኗል። ቀጥሎ አንድ ሰው ከገጹ ላይ በስክሪንሹት ይወስደዋል። የስልኩ ማያ ስፋት 720 ነጥብ ከሆነ ፊቱ 22 ነጥብ ብቻ ቀረው። በስፋትም በቁመትም ስለሚቀንስ ከ8,800 በላይ የነበረው የፊቱ ነጥብ ወደ 480 ወርዷል ማለት ነው። ያ ሰው ለሌላ ገጽ ይለጥፈዋል፣ ሌላው አርማውን ይለጥፍበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠርዙን ይቆርጠዋል። በሦስተኛው ወር የሚዞረው ምስል ሠላሳ ሰው መኖሩን ይናገራል፤ ማን ማን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም።

መከላከያው ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ሲላክ «ፋይል» የሚለውን መርጦ መላክ ነው። ያኔ ምስሉ ሳይጨመቅ እንዳለ ይደርሳል፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት መላክ ይቻላል። ፌስቡክም በተለመደው መንገድ የተለጠፈን ፎቶ በረጅሙ ጎን ከ2,048 ነጥብ አያሳልፍም። ስለዚህ ፌስቡክ ፎቶ የሚታይበት ቦታ ነው እንጂ መጋዘን አይደለም። «ዋናው ፌስቡክ ላይ አለልኝ» ብሎ ወረቀቱን የሚጥል ሰው ዋናውን ጥሎታል።

ከነጥቡ ጋር አብሮ የሚራገፍ ሌላም ነገር አለ። ሜታዳታ የሚባለው፣ በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ መረጃ ነው፤ መቼ እንደተነሣ፣ በምን መሣሪያ፣ ባለቤቱ ከጻፈበት ደግሞ የሰዎቹ ስምና ማብራሪያ። የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ምስሉን ሲጨምቁ ይህን መረጃ ብዙውን ጊዜ ያራግፉታል። ልጅየው ኮምፒውተር ላይ በጥንቃቄ የጻፈው ስም ከመጀመሪያው ልጥፍ አያልፍም።

«ለማስታወሻ ይሁንሽ» — ከኋላ ያለው ጽሑፍ

የድሮ ፎቶ ጀርባ ከፊቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። የስቱዲዮው ማኅተም፣ የኔጋቲቩ ቁጥር፣ «ለማትረሺኝ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል ጽሑፍ፣ ፊርማና ቀን እዚያ ይገኛል። ከሚለጠፉት ፎቶዎች ጋር ጀርባው ሲለጠፍ ግን እምብዛም አይታይም። እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት፤ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በጀርባው፤ ባዶ ቢሆን እንኳ።

ትልቁ የስሕተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ፎቶ ጀርባ ላይ «12/3/68» የሚል አለ እንበል። ውጭ አገር ያደገ የልጅ ልጅ ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ቀን 1968 ብሎ ያነበዋል። የጻፉት እናት ግን ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፤ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 1975። ልዩነቱ ከሰባት እስከ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው፤ በዚያ መሀል ንጉሠ ነገሥቱ ወርደዋል፣ ደርግ ሥልጣን ይዟል፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሷል። አንድ ሰፈር ውስጥ የተነሣ ፎቶ ከአብዮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ በዚህ አንድ ቁጥር ይገለበጣል።

ስለዚህ ዓመት ሲጻፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሁልጊዜ ይጨመር። ወሩ ካልታወቀ ወደ ሌላው አቆጣጠር መቀየር አይገባም፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ስለሆነ በግምት የተቀየረ ዓመት ለዘለዓለም ሊሳሳት ይችላል። ባለቀለም ፎቶዎች ጥግ ላይ በብርቱካናማ የታተመ ቀን ሲገኝም መጠርጠር ይሻላል። ያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ካሜራው ባትሪ ሲቀየርለት ወደ መነሻው ስለሚመለስና ብዙ ሰው ስለማያስተካክለው ከሐቁ በብዙ ዓመት ሊርቅ ይችላል።

ምንም ያልተጻፈበት ፎቶ ሲገኝ ምስሉ ውስጥ ያለው ነገር ይናገራል። በር ላይ «ቀበሌ» የሚል ታርጋ ካለ ፎቶው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ያኔ ነው። «ከፍተኛ» የሚለው፣ ብዙ ቀበሌዎችን ይይዝ የነበረው የአስተዳደር እርከን፣ ወደ ደርግ ዘመን ይመራል። «ክፍለ ከተማ» ከተጻፈ ከ1995 ወዲህ ነው፤ «ለሚ ኩራ» ከሆነ ደግሞ ከ2013 ወዲህ። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ሰማያዊ ክብና ኮከብ ካለ ከ1988 ወዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ምልክት ሲሠራ አንድ ሕግ አይረሳ፦ ምልክቱ ፎቶው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ይናገራል እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም። የ1970 የቀበሌ ታርጋ በ1995ም በሩ ላይ ሊኖር ይችላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሲገኝ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ በትልቁ ሲታይ ዓመቱ የሚነበብበት ጊዜ አለ። ለዚህም ነው ነጥቡ እንዳይቀንስ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፤ 22 ነጥብ ላይ የወረደ የቀን መቁጠሪያ አይነበብም።

ቀለም የሚቀባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በቅርቡ የተጨመረው ችግር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ «ፎቶ አሳማሪ» መተግበሪያዎች ናቸው። የደበዘዘውን ያጠራሉ፣ ጥቁርና ነጩን ቀለም ይቀባሉ፣ አንዳንዶቹ የሞተን ሰው ዓይን ያርገበግባሉ። ደጋፊዎቻቸው ወጣቱ ለድሮ ፎቶ ያለው ፍላጎት በእነሱ ምክንያት እንደጨመረ ይናገራሉ። እውነትነት አለው፤ ባለቀለም የሆነ የአያት ፎቶ ከደበዘዘው ይልቅ ዓይን ይይዛል።

አሠራሩን መረዳት ግን ያስፈልጋል። መተግበሪያው የጠፋውን አያገኝም። ከሌሎች ሚሊዮን ፊቶች ተምሮ «እዚህ ቦታ ላይ ዓይን እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይገምታል። በ22 ነጥብ የቀረ ፊት ሲሰጠው የሚመልሰው ጥርት ያለ ፊት የሌላ ሰው ነው፤ የአባትየው አይደለም። ቀለሙም እንዲሁ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ግራጫ መስመር ብቻ ነው። አረንጓዴ ይሁን ቀይ፣ መተግበሪያው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ድሮ በስቱዲዮ ውስጥ ፎቶን በብሩሽ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነሱ ግን ባለጉዳዩን «ጥለቱ ምን ዓይነት ነበር?» ብለው መጠየቅ ይችሉ ነበር። የዛሬው አሠራር ያንን ጥያቄ አስቀርቷል፤ እኔ እንደማየው ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። የተቀባው ምስል ከዋናው ጋር እኩል ይዞራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም የጥልፍ አጥኚ «የ1950ዎቹ ጥለት ይህን ይመስል ነበር» ብሎ እንደ ማስረጃ ሊያነሣው ይችላል።

መከልከል አያስፈልግም፣ አይቻልምም። የተቀባው ምስል ላይ «በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ» ተብሎ ምስሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ዋናው ሳይነካ አጠገቡ ይለጠፍ።

ማን ፈቀደ?

የሕጉ ጥያቄ በሁለት ይከፈላል፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። አንዱ የፎቶ አንሺው መብት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በ1970 ዓ.ም. ስቱዲዮ የተነሣ ፎቶ ይህ ጊዜ አልፎበታል። አንድ ገጽ በላዩ አርማ ስላተመ ባለቤት አይሆንም፤ ምስሉን ግን ያበላሸዋል።

ሌላው የተነሺው መብት ነው፤ ይህ 25 ዓመት ስለሞላ አያልቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝባዊ ሥነ ሥርዓትና ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሰውየው ከሞተ ደግሞ ክብሩን የሚነካ አጠቃቀም ላይ ቤተሰቡ ሊቃወም ይችላል።

«ሁሉም ይለጠፍ» የሚሉት ወገኖች የሚያነሡት ክርክር ከባድ ነው፦ ፈቃድ ሲጠበቅ ፎቶው በእርጥበት ያልቃል፣ የሚያውቁትም ያልፋሉ። «አይለጠፍ» የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዘመቱ ተማሪዎች የካኪ ልብስ ለብሰው የተነሡት ፎቶ ለአንዱ ቤተሰብ ኩራት ነው፤ ለሌላው በቀይ ሽብር የሞተ ልጅ የመጨረሻ መልክ ነው። የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ የያዘ ሰው ዛሬ አያት ሆኖ ልጆቹ ከአልበሙ ያላወቁትን ነገር በቴሌግራም ሊያዩ ይችላሉ። የቀድሞ ትዳር የሠርግ ፎቶም አለ።

ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ፎቶዎቹን ገና ከመነሻው በሦስት መለየት ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የኳስ ቡድን፣ የመንገድና የሕንፃ ፎቶ በትንሽ መጠን በይፋ ይለጠፍ። የፖለቲካ ዘመን ልብስ፣ እስር ቤት፣ የታመመ ሰው፣ የፈረሰ ትዳር ያለበት በቤተሰብ ውስጥ ብቻ ይቆይ። በመካከል ላለው ደግሞ የተነሣው ሰው በሕይወት ካለ እሱ፣ ካልሆነም የሚታወቁ ልጆቹ ይጠየቁ። ስም ሲጻፍም በሕይወት ላሉ ሰዎች ሙሉ ስም፣ የአሁን አድራሻና የቤት ቁጥር በይፋ አይጻፍ፤ ያ በቤት መዝገብ ውስጥ ይበቃል።

ወረቀቱን ማዳን፣ ምስሉን ማንሣት

በዳር ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ፎቶን የሚጎዱት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ እርጥበት ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ክረምት ላይ ምድር ቤትና ወደ ውጭ የሚዋሰን ግድግዳ አጠገብ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ሁለተኛው በሰፊ መስኮት የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሦስተኛው ራሱ አልበሙ ነው፤ ገጹ ሙጫ የተቀባና በላስቲክ የሚሸፈነው ዓይነት። ሙጫው ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆንና ፎቶውን ይዞ አይለቅም። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ባለቀለም ፎቶዎች ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጡም ሰማያዊው ቀለማቸው ስለሚሳሳ ወደ ሮዝ ይቀላሉ። እነዚህ ከጥቁርና ነጩ ቀድመው መነሣት አለባቸው፤ ጥቁርና ነጩ በደንብ ከተሠራ የበለጠ ይታገሣል።

ከአልበም ከመንቀል በፊት ገጹ በሙሉ ይነሣ። የፎቶዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበር ከተነቀለ በኋላ አይታወቅም። ሙጫ የያዘው ፎቶ በጣት አይነቀልም፤ የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብቶ በዝግታ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ካልተላቀቀ ይተው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ከሆነ በፍጹም አይነካ፤ በውሃ ለማላቀቅ የሞከረ ሰው የፊቱን ቆዳ መስታወቱ ላይ ትቶት ይነሣል። ከነመስታወቱ ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

ለማንሣት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ከሥሩ የማያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍ። እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት የመጻሕፍት ክምሮች መካከል ፎቶው ይተኛል፤ ስልኩ በላያቸው ተጋድሞ ካሜራው ወደ ታች ያያል። እንዲህ ሲሆን ስልኩና ፎቶው ትይዩ ስለሚሆኑ ጠርዙ አይጣመምም። ርቀቱ ፎቶው ማያውን የሚሞላበት ይሁን፤ ከመጠን በላይ ሲቀርብ ግን ሰፊ ሌንስ ጠርዙን ያጎብጣል። ፍላሽ ይጥፋ፣ መልክ የሚያሳምረው ቅንብር ይጥፋ፣ የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ይከፈት፤ ጣት ሲነካው ስልኩ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሌንሱ በጥጥ ይወልወል፤ ጭጋግ የሚመስለው ብዙ ምስል የጣት ቅባት ነው። ከተነሣ በኋላ አንድ ጥግ ላይ ያለ ፊት ተጎትቶ ይታይ፤ ካልጠራ እንደገና።

ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ቀለሙ በጊዜ ወደ ፊት ያልፋል፣ ጫናውም ምስሉ ላይ ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ በጠርዙ ላይ ይበቃል። ጀርባው ፕላስቲክ ሆኖ እርሳስ ካልያዘ ፖስታው ላይ ይጻፍ፤ ፎቶው ከመግባቱ በፊት። ማስቀመጫው የወረቀት ፖስታና የካርቶን ሣጥን ይሁን፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ሣጥኑ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከወጥ ቤትና ከውሃ በርሜል ርቆ ይቀመጥ።

ስሙ በድምፅ፣ ፋይሉ በሦስት ቦታ

ፋይሉ ስም ይሰጠው። «አይኤምጂ» ከሚለው ቁጥር ይልቅ «1968ዓም-03-አቃቂ-ፋብሪካ-017» ማለት ይሻላል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቦታ፣ ነገር፣ ተራ ቁጥር። ጀርባው ያንኑ ይዞ «017-ጀርባ» ይሆናል። ከዚያ እናት ወይም አያት ፎቶውን በእጃቸው ይዘው ይናገሩ፣ ስልኩ ድምፅ ይቅዳ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ ይጠየቁ፤ «እነማን ናቸው?» ሲባሉ የሚያስታውሱት ሦስት ሰው ከሆነ፣ «እዚህ ጋ የቆመው፣ ባርኔጣ ያደረገው ማነው?» ሲባሉ አሥር ይሆናል። የድምፅ ፋይሉም ያንኑ 017 ቁጥር ይያዝ። እርግጠኛ ያልሆኑበት ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይደረግ፤ ግምት ያለ ምልክት ሲጻፍ ለቀጣዩ ትውልድ እርግጥ ይሆናል።

ስፋቱን በቁጥር እንየው። ሦስት መቶ ፎቶ ፊትና ጀርባው ተነሥቶ ምስሉን በሚጨምቀው የፋይል ዓይነት፣ በጄፔግ፣ ሲቀመጥ፣ አንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ በጠቅላላ 2.4 ጊጋባይት ነው። ሳይጨመቅ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከሆነ አንዱ 20 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን 12 ጊጋባይት ይደርሳል። ሁለቱም በአንድ ፍላሽ ይገባሉ፤ ፍላሽ ብቻውን ግን አይታመንም፤ ሳይጠቀሙበት ለዓመታት ሲቆይ ሊበላሽ ይችላል። የተለመደው ጥሩ አሠራር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ነው። አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት ባለ ዘመድ እጅ።

የኢንተርኔቱ ማስቀመጫም ሁኔታ አለው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይልም ለፎቶም በጋራ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይገባበት የቆየ መለያም ሊሰረዝ ይችላል። አባት ሞተው የይለፍ ቃሉን ማንም ሳያውቅ ከቀረ አልበሙ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሁሉም ቅጂ ተከፍቶ ይታይ።

ይፋ እንዲሆን ለተመረጠው ክፍል ዊኪሚዲያ ኮመንስና ኢንተርኔት አርካይቭ ፋይሉን በሙሉ መጠኑ ያስቀምጣሉ፣ በአማርኛም ማብራሪያ ይጻፍባቸዋል። እዚያ የገባ ምስል ግን ማንም ሊጠቀምበት ስለሚችል መመለሻ የለውም። ከአገር ውስጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ እና ስድስት ኪሎ የሚገኘው፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ስብስብ የሚቀመጥባቸው ናቸው። የእያንዳንዱን ቤት አልበም ይቀበላሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ዝርዝር፣ ስምና የቤተሰብ የፈቃድ ደብዳቤ ያለው የአንድ ሰፈር ስብስብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያንን ስብስብ ማዘጋጀት የሚችል አካል በየዳሩ አለ፤ ዕድሩ። አባላቱ አራብሳና ጀሞ ተበታትነው እንኳ በድሮው ሰፈር ስም የሚሰበሰቡ ዕድሮች አሉ። ዕድር ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ወርኃዊ ስብሰባ አለው፤ ከሁሉ በላይ መዝገብ አለው። በዚያ መዝገብ ላይ የአባላት ስም፣ የገቡበት ዘመን፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ማን መቼ እንዳረፈ ተጽፏል። የአንድ ሃርድ ዲስክ ዋጋ ከዕድሩ ካዝና ሊወጣ ይችላል። በወር አንድ ቀን፣ ከስብሰባው በኋላ፣ አሥር ፎቶ በትልቁ በቴሌቪዥን ቢታይ፣ ስም የጠፋባቸው ፊቶች ሲጠሩ ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ድንኳን ሥር ተሰብስበው የተነሡት የዕድር አባላት ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ምናልባት ከመካከላቸው ሁለቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።